ከዝርዝር መሃል የኅትመት ስሕተት ያለበትን ሳንቲም እንዴት እንደምንለቅም

በሳምንት ሁለት ሦስቴ አንድ ዓይነት ፎቶ ይላክልኛል። ፎቶው ደብዘዝ ያለ ነው፤ መዳፍ ላይ አንድ ሳንቲም ተቀምጧል። ከሥሩ "ወንድሜ፣ ይሄ የተበላሸ መሰለኝ፣ ስንት ያወጣል?" ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ለመሆኑ አንተ ከየት ነው የምታገኛቸው?" ይመጣል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ ሰለቸኝ። ስለዚህ እኔ እዚህ ጎንደር እንዴት እንደምሠራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፍኩት። ሌላ ከተማ ያላችሁም ሥሩበት፤ የሚለየው ዝርዝሩ የሚገኝበት ቦታ ብቻ ነው።

የዋጋውን ነገር ቀድሜ ልገላገለው። የማወራው ስለ ጥቃቅን ስሕተቶች ነው። አብዛኞቹ የሚያወጡት ፊታቸው ላይ የተጻፈውን ያህል ነው። አንድ ብሩ አንድ ብር፣ ስሙኒው ስሙኒ። ሀብት የምትፈልጉ ከሆነ እዚህ የለም።

መጀመሪያ፦ ሳንቲም እንዴት ይታተማል?

ይህን ሳትይዙ ወደ ታች አትውረዱ። ከዝርግ ብረት ላይ ክብ ክብ እየተደረገ ይቆረጣል፤ ሊጥ በብርጭቆ አፍ ተቆርጦ ብስኩት እንደሚሠራው። የክቡ ጠርዝ በማሽን ይጨመቅና ዙሪያው ከፍ ይላል። ከዚያ ክቡ በሁለት ማኅተሞች መካከል ይገባል። አንደኛው የአንበሳውን ራስ፣ ሌላኛው የጀርባውን ሥዕል ይዟል። ብረቱ ሲመታ ወደ ጎን እንዳይሰፋ ዙሪያውን ቀለበት ይይዘዋል። ማኅተሞቹ ሲጫኑ ሁለቱም ፊት በአንድ ጊዜ ይታተማል።

አሁን አንዷን ነገር አስምሩባት። ማኅተሙ ላይ ሥዕሉ ጎድጓዳ ነው፤ ሳንቲሙ ላይ ጎላ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ማኅተሙ ቢሰነጠቅ ብረቱ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ይሠራል። ሳንቲሙ ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ቢፋተግ ግን መስመሩ ወደ ውስጥ የገባ ይሆናል። ሥራው በሙሉ የሚያርፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ይህ ነገር የደረሰው ፋብሪካ ውስጥ ነው ወይስ ከወጣ በኋላ? ከወጣ በኋላ ከሆነ ስሕተት አይባልም፤ ጉዳት ነው። ከሚላክልኝ አሥር ፎቶ ዘጠኙ ጉዳት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር። ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩት ዓይነት። ከዚያ በላይ የሚያጎላ አትግዙ፤ በጣም ሲጎላ ተራ ጭረት ሁሉ ተአምር ይመስላል።
- አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት። ከሌለ የሁለተኛ ስልክ መብራት ይበቃል።
- ትንሽ ማግኔት። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይሆናል።
- እስከ መቶኛ ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን። ከሌላችሁ ለጊዜው ተዉት፤ ትውውቅ ያላችሁ ወርቅ ቤት አንዳንዴ ይመዝንላችኋል።
- ማስመሪያ፣ ቢገኝ ካሊፐር።
- ፎጣ። ጠረጴዛው ላይ ይነጠፋል። ሳንቲም ከእጅ ያመልጣል፤ ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ጠርዙ ይመታና የራሳችሁን "ስሕተት" ትፈጥራላችሁ።
- ከነጭ ወረቀት የተሠሩ ትንንሽ ፖስታዎች፣ ደብተር፣ እርሳስ።
- ማዞሪያ ገንዘብ። 200 ወይም 300 ብር በኖት። አይጠፋም፤ እየተዘረዘረ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል።

1. ዝርዝር አሰባስቡ

ስሕተት የሚገኘው ብዙ በማየት ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያሉትን አራት ሳንቲሞች ማገላበጥ ትርጉም የለውም። በአንድ ቁጭታ ቢያንስ 100 ፍሬ ያስፈልጋችኋል።

ዛሬ በብዛት እጅ ላይ የሚዞረው ባለ አንድ ብሩ ሳንቲም ነው። ጥሩ ምንጮቹ የሚኒባስ ረዳቶች፣ ባጃጅ ነጂዎችና የሰፈር ሱቆች ናቸው። ከፒያሳ ማራኪ ወይም አዘዞ የሚመላለስ ረዳት ማምሻውን ኪሱ ከብዶት ነው የሚገባው። ቀን አትጠይቁት፤ ዝርዝር ለእሱ የሥራ ዕቃው ነው። ማታ ሲጨርስ ግን በኖት ብትቀይሩለት ይመርቃችኋል። አምስት፣ ዐሥር፣ ስሙኒና ሽልንግ ገበያ ላይ ብዙ አይታዩም። በየቤቱ ጣሳና መሳቢያ ውስጥ ግን ተኝተዋል። እናቶችንና አያቶችን ጠይቁ።

ሱቅ ላይ አጠያየቁ ራሱ ሥራ ነው። ዝርዝር ጠፍቶ በመልስ ፈንታ ማስቲካ የሚሰጥበት አገር ላይ "ሳንቲም ስጡኝ" ብሎ መቆም አያዋጣም። እኔ የሰፈሬን ባለሱቅ እንዲህ ነው ያልኳቸው፦

"እትዬ፣ ዝርዝሩን በኖት ይቀይሩልኝ፤ ማታውኑ ቆጥሬ እመልስልዎታለሁ።"

"ምነው ልጄ፣ ሳንቲም ልትበላ ነው?"

"አይቼ ነው የምመልሰው።"

"ምኑን ነው የምታየው? አንበሳ አይተህ አታውቅም?"

እስከ ዛሬ "ያ አንበሳ የሚያየው ልጅ" ነው የሚሉኝ። ግን ካርቶናቸውን አውጥተው ይሰጡኛል። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ያልኩትን ያህል፣ ባልኩት ሰዓት እመልሳለሁ።

ጎንደር 44 ታቦት ያለባት ከተማ ናትና ሌላው ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሙዳየ ምጽዋቱ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ቆጣሪዎቹን በሥርዓት ጠይቁ፤ በኖት ይቀይሩላችኋል ወይም አይቀይሩላችሁም። ቆጠራው ላይ ግን አትገኙ፣ ከሣጥኑም በእጃችሁ አታንሡ። በኋላ አንድ ብር ቢጎድል ስማችሁ ነው የሚነሣው።

2. በዓይነትና በዓመት ለዩ

ፎጣው ላይ ዘርግፉና በዓይነት ከፋፍሉ። ቀጥሎ በዓመት። ዓመቱን የማትለዩ ከሆነ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚነጻጸር አታውቁም።

ዓመቱ የተጻፈው በግእዝ ቁጥር፣ በእኛ አቆጣጠር ነው። ፲፱፻፷፱ ማለት 1969 ነው፦ ፲፱ አሥራ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፷፱ ስልሳ ዘጠኝ። ባለ አንድ ብሩ ላይ ያለው ፳፻፪ ደግሞ 2002 ነው። ፷ እና ፯ በደከመ ዓይን አንድ ይመስላሉ፤ በመነጽር አረጋግጡ። የውጭ ካታሎግ ላይ ስትፈልጉ 7 ወይም 8 ዓመት ጨምሩ። አንድ ልጅ "ዓመቱ የተሳሳተ ሳንቲም አገኘሁ" ብሎ ሌሊት ደውሎልኛል። ካታሎጉ 1977 ይላል፣ ሳንቲሙ 1969 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

3. ጤነኞቹን አስቀድማችሁ እወቁ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው። ከእያንዳንዱ ዓይነትና ዓመት ያልተጎዱ፣ ሥዕላቸው ጥርት ያለ አሥር አሥር ሳንቲሞች ምረጡና ለብቻ አስቀምጡ። እነዚህ ዳኞቻችሁ ናቸው። የተጠረጠረ ሁሉ ከእነሱ ጋር ነው የሚነጻጸረው እንጂ ከኢንተርኔት ፎቶ ጋር አይደለም።

ጀርባቸውን በደንብ እዩ። አምስቱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ ዐሥሩ ላይ የደጋ አጋዘን፣ ሽልንጉ ላይ የተሰበሰበ ሕዝብ፣ አንድ ብሩ ላይ ሚዛን አለ። አምስቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ዐሥሩ 23፣ ሽልንጉ 25፣ አንድ ብሩ 27 ሚሊ ሜትር ስፋት አላቸው። ክብደቱን ከራሳችሁ አውጡት፦ አሥሩን ጤነኞች በአንድ ላይ መዝኑና ለአሥር አካፍሉ። እያንዳንዱን ለየብቻ ብትመዝኑ መጠነኛ ልዩነት ታያላችሁ፤ እሱ ልክ ነው፣ ስሕተት አይደለም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሰው ያሳስታል። አንደኛው የአንበሳው ጢም ነው። የደርግ ዘመኖቹ ላይ የራሱ ትልቅነትና የጢሙ አሣሣል ከአንዱ ማኅተም ወደ ሌላው ይለያያል። ይህ የማኅተም ዓይነት ልዩነት ነው፤ ለብቻው መሰብሰብ ይቻላል፣ ስሕተት ግን አይባልም። ሁለተኛው 1936 የሚለው የንጉሡ ዘመን ስሙኒ ነው። ዳሩ እንደ አበባ ቅጠል የተከረከመ ነው። ከሽልንጉ ጋር እንዳይምታታ ተብሎ እንዲያው ተሠራ። "ጠርዙ ተቆርሶ ወጣ" እያላችሁ አትላኩልኝ።

4. በጎን ብርሃን እዩ

መብራቱን ከላይ አታድርጉት። ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን አብሩ፣ ብርሃኑ ሳንቲሙን ገርፎ እንዲያልፍ። ከላይ የመጣ ብርሃን ሁሉን ነገር ጠፍጣፋ ያደርጋል። ከጎን ሲመጣ ከፍ ያለ ነገር ጥላ ይጥላል፤ የገባ ነገር ደግሞ በራሱ ውስጥ ይጨልማል።

ዓይን ይሸወዳልና አንድ ዘዴ አለ። ሳንቲሙን ሳታነሡ ፎጣውን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። መብራቱ ባለበት ይቆይ። ከፍ ያለ መስመር ከሆነ የሚያበራው ጎኑ ሁልጊዜ ወደ መብራቱ ያለው ነው። የተጫረ ከሆነ የሚያበራው ከመብራቱ ራቅ ያለው የጉድጓዱ ግድግዳ ነው። አሁንም ካልለያችሁ አንበሳው ጎፈር ላይ እዩ። ጎፈሩ ከፍ ያለ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ መስመሩ እንደ ጎፈሩ ያበራል ወይስ በተቃራኒው? እኔ እንኳ ዛሬም በዚህ ነው የምፈርደው።

ስትይዙ ጠርዙን ብቻ ያዙ። የጣት ቅባት ፊቱ ላይ ይቀራል፤ ከወራት በኋላ የጣት አሻራችሁን ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

5. አዙራችሁ ፈትሹ

ለጀማሪ ቀላሉና ደስ የሚለው ስሕተት ይሄ ነው፦ አንዱ ማኅተም ቦታው ላይ ላላ ብሎ ዞሮ ሲመታ። ፊቱም ጀርባውም ንጹሕ ነው፤ ሁለቱ ግን አይናበቡም።

አንበሳውን ቀጥ አድርጉ። ሳንቲሙን ከአናቱና ከሥሩ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዙ። ከዚያ የመጽሐፍ ገጽ እንደሚገለጥ ወደ ጎን ገልብጡት። ጀርባው ምን ሆኖ መጣ? መጀመሪያ በጤነኞቹ ላይ ይህንኑ አድርጉ፣ እንዴት እንደሚመጡ ልብ በሉ። አሥሩም አንድ ዓይነት ሆነው የእናንተው ብቻ ካዘነበለ ያዙት።

ያጋደለበትን መጠን በሰዓት ፊት ለኩ። አናቱ ላይ 12 ቁጥር አለ በሉ። (ፊቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው የምላችሁ፤ እኛ ስድስት ሰዓት የምንለውን።) የሚዛኑ አናት ወደ 1 ቁጥር ከሄደ 30 ዲግሪ ነው። ወደ 3 ከሄደ 90። እኔ ከ15 ዲግሪ በታች አልይዝም፤ የእጅ መንቀጥቀጥም ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያዬ ዐሥር ሳንቲም ነበረች። ከእትዬ ካርቶን ሥር፣ በስኳር ዱቄት የተለወሰች። ስገለብጣት አጋዘኑ ገደል የሚወርድ መሰለ፤ አፍንጫው ወደ ታች፣ ጅራቱ ወደ ሰማይ። የአያያዜ ጥፋት ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ እናቴን ጠርቼ እንድትገለብጠው ሰጠኋት። "ምን ሆኖ ነው የተዘቀዘቀው?" አለች። ይህን ልማድ አድርጉት፦ የተጠረጠረውን ምንም ሳትነግሩ ለሌላ ሰው ስጡ።

6. ስሕተቱን በስሙ ለዩ

*የማኅተም ስንጥቅ።* ቀጭን፣ ከፍ ያለ፣ እንደ ወንዝ የሚጠማዘዝ መስመር። ብዙ ጊዜ ከጠርዝ ተነሥቶ በፊደል ላይ ያልፋል። ቀጥ ብሎ በማስመሪያ የተሰመረ ከመሰለ ተጠራጠሩ። በጣም የተለመደ ስለሆነ በዚህ ጀምሩ።

*የተቆረሰ ማኅተም።* ስንጥቁ ገፍቶ የማኅተሙ ጥግ ሲወድቅ ሳንቲሙ ጠርዝ ላይ ምንም ሥዕል የሌለው እብጠት ይቀራል። እብጠቱ ጠርዙን ውጦ ከፊደሉ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። በማጣበቂያ ወይም በሊድ የተለጠፈ ደግሞ አለ፤ በጥፍር ሞክሩት፣ ዙሪያው ላይ መጋጠሚያ ይታያል።

*የተደፈነ ፊደል።* ማኅተሙ ጉድጓድ ውስጥ ቅባትና ቆሻሻ ሲጠራቀም ፊደሉ ሳይወጣ ይቀራል። ለምሳሌ "ኢትዮጵያ" ከሚለው "ጵ" ብቻ ይጠፋል፣ ጎረቤቶቿ ግን ጥርት ያሉ ናቸው። ቦታው ለስላሳ ነው፣ ጠባሳ የለውም። አካባቢው በሙሉ ከደከመ ግን መልሱ እርጅና ነው። ጭረት ካለ ደግሞ ሰው ፍቆታል።

*የተጎመደ ጠርዝ።* ዝርጉ ብረት በሚገባ ወደፊት ሳይገፋ መቁረጫው ቀድሞ በተቆረጠበት ቀዳዳ ላይ ሲያርፍ ክቡ በአንድ በኩል የተነከሰ ሆኖ ይወጣል። ይህን ለማጭበርበር ሞረድ ይበቃል፤ ስለዚህ በደንብ ያዙት። እውነተኛው ከሆነ ሁለት ምልክት አለው። አንደኛው ከንክሻው ትይዩ፣ በተቃራኒው በኩል ያለው ጠርዝ ይደክማል። ጠርዙ ሲጨመቅ በአንድ በኩል የሚገፋ ብረት ስለሌለ በሌላውም በኩል ኃይል አይኖርም። ሞረድ የያዘ ሰው ይህን አያውቅም፤ ትይዩው ጠርዝ እንደ ጤነኛ ደልቦ ይገኛል። ሁለተኛው፣ ንክሻው አጠገብ ያሉ ፊደሎች ወደ ክፍት ቦታው ሳብ ብለው ይለጠጣሉ። በሞረድ የተቆረጠ ላይ ግን ፊደሉ በመሃሉ ክው ብሎ ይቆማል። እኔ ራሴ በአንድ ስሙኒ ተሸውጄ ሁለት ወር በኩራት ሳሳይ ከርሜአለሁ። አንድ ብየዳ የሚሠራ ጎረቤቴ አየት አደረገና "ይሄማ የእኛ ሞረድ ነው" አለኝ።

*የአንድ ብሩ መሃልና ቀለበት።* አንድ ብሩ ሁለት ቁራጭ ነው፤ ቀለበትና መሃል። ሁለቱ የሚጋጠሙት በምቱ ጊዜ ነው። መሃሉ ወደ አንድ በኩል ያጋደለ፣ ብረቱ ቀለበቱ ላይ የፈሰሰ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ሥዕሉ በፈሰሰው ብረት ላይ ታትሞ መቀጠል አለበት። ሰው ሁሉ የሚልክልኝ ግን "መሃሉ የዞረ" ነው። እስኪ አስቡት። ከምቱ በፊት መሃሉ ባዶ ክብ ነው፤ ሥዕል የለውም። ባዶ ነገር ቢዞር ባይዞር ምን ለውጥ አለው? ሥዕሉ ቀለበቱም መሃሉም ላይ አብሮ ስለሚታተም ሁልጊዜ ይናበባል። ስለዚህ የቀለበቱ ጽሑፍና የመሃሉ ሥዕል በሁለቱም ፊት እኩል ካልተናበቡ መሃሉ በኋላ ተመትቶ ወጥቶ ተመልሶ የገባ ነው። ስፌቱ ላይ የመዶሻ ወይም የምስማር ምልክት ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ አለ።

*ድርብ ፊደል።* ፊደሉ ጎን ጥላ የመሰለ ሁለተኛ ፊደል ይታያል። ጥላው እንደ ደረጃ ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ከሆነ ማኅተሙ በምቱ ጊዜ ተንሸራትቶ ነው፤ በጣም የተለመደና ተራ ነገር ነው። ሁለቱም ፊደሎች ሙሉና ድቡልቡል ሆነው ጫፋቸው ላይ ስንጥቅ ካለ ማኅተሙ ራሱ ድርብ ሆኖ ተሠርቷል ማለት ነው። የመጀመሪያው መቶ ሲገኝ ሁለተኛው አንድ እንኳ ላይገኝ ይችላል።

ሥዕሉ ከመሃል ሸሽቶ የታተመ፣ ወይም ቀለበት ሳይዘው የተንጣለለ ሳንቲም ከዝርዝር ውስጥ ማግኘት ብርቅ ነው። ካገኛችሁ ልዩ መነጽር አያስፈልግም፤ ራሱ ይናገራል።

7. ማግኔትና ሚዛን

የ1969ኞቹ አምስትና ዐሥር ሳንቲሞች ናስ ናቸው፤ ማግኔት አይስባቸውም። በኋላ ከወጡት ብዙዎቹ ብረት ላይ የተለበጡ ስለሆኑ ይሳባሉ። አንዱ ተስቦ ሌላው አልሳብ ቢል ወዲያው "ስሕተት!" አትበሉ፤ መጀመሪያ ዓመቱን እዩ። በዓመቱ ካሉት ጤነኞች ሁሉ የተለየ ሲሆን ነው ማስታወሻ የሚያዝበት።

ልባጡ የሌለው፣ ግራጫ የሆነ ሳንቲም ካያችሁ ጎላ ያሉትን ቦታዎች ተመልከቱ። የአንበሳው አፍንጫና የፊደሉ ጫፍ ብቻ ከተገፈፈ መፋተግ ነው። ሁሉም ቦታ እኩል ግራጫ ሆኖ ፊደሉ ሹል ከሆነ ያዙት፤ ቢሆንም "ምናልባት" ብላችሁ ጻፉ። በአሲድ የተነከረም እንዲሁ ሊመስል ይችላል፤ እሱ ግን በመነጽር ሲታይ ፊቱ የተቦረቦረ ነው።

8. አትጠቡ፣ አታሹ

ሎሚ፣ አመድ፣ ኮምጣጤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አሸዋ፣ ኮካ፦ ሁሉም ክልክል ነው። እነዚህ ቆሻሻውን ብቻ አያነሡም፤ የላይኛውን ስስ ገጽ ይልጣሉ። ምስክሮቻችሁ ደግሞ እዚያ ገጽ ላይ ናቸው። ገጹ ከተላጠ ስሕተቱ የፋብሪካ ይሁን የሰው ማንም መፍረድ አይችልም። እኔ ከላይ ያልኳትን አጋዘን በሎሚና በአመድ አሽቻታለሁ። እንደ አዲስ አበራች፣ ደስ አለኝ። በሳምንቱ ሮዝ ሆነች፣ በወሩ ጠቆረች። አሁንም አለችኝ፤ ለማሳያ።

ስኳር፣ ጭቃ ወይም ቅባት ካለበት ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሰዓታት አስቀምጡት። ቢበዛ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና። በደንብ አለቅልቁና ሳታሹ በለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጣችሁ ውኃውን አስመጥጡ።

ማስቀመጫው ቀላል ነው፦ አንድ ሳንቲም አንድ የወረቀት ፖስታ። እንደ አዲስ ነጠላ ጫማ የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ አታስገቡ፤ ከጊዜ በኋላ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ያወጣበታል። ስኮችና ላስቲክም አይንካው። የጎንደር ክረምት እርጥብ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፖስታዎቹን ክዳን ባለው ሣጥን አድርጉና አዲስ ጫማ ሣጥን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሩ። ከረጢቱንም ሳንቲሙንም ከሕፃናት አርቁ፤ ሳንቲም ጉሮሮ ይዘጋል።

9. ፎቶና መዝገብ

ስልኩን በእጅ አትያዙት። ሁለት እኩል የመጽሐፍ ክምር ሥሩ፣ ስልኩን እንደ ድልድይ አጋድሙበት፣ ሳንቲሙን ከሥሩ አስቀምጡ። መብራት ከጎን። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጠርዙን፣ ከዚያ ከጤነኛው ጋር ጎን ለጎን አንሡ። ለማንም ስትልኩ አራቱንም ላኩ።

ደብተሩ ላይ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ "ቁ. 31። አንድ ብር፣ ፳፻፪። የማኅተም ስንጥቅ፣ ከጠርዝ ተነሥቶ ጎፈር ላይ ያበቃል፣ ከፍ ያለ። ማግኔት፦ እንደ ጤነኞቹ። ከረዳት፣ ፒያሳ፣ ኅዳር 2016።" ይህ ለምን ይጠቅማል? ሌላ ቀን ያው ስንጥቅ ያለበት ሁለተኛ ሳንቲም ታገኛላችሁ። ሁለቱ ከአንድ ማኅተም የወጡ ናቸው ማለት ነው፤ ያኔ የመጀመሪያው ጭረት አለመሆኑ ተረጋገጠ። በጉዳት ሁለት ሳንቲም ላይ አንድ ዓይነት መስመር አይወጣም።

ከመቀጠላችሁ በፊት፣ ማስጠንቀቂያ

"ይህ ሳንቲም ካላችሁ ይህን ያህል ሺህ እንገዛለን" የሚል ቪዲዮ ወይም የቴሌግራም መልእክት ሲመጣ ተዉት። መጀመሪያ የሚጠይቁት ሳንቲሙን ሳይሆን "የመመዝገቢያ" ወይም "የማጓጓዣ" የሚል ክፍያ ነው። ገዢ ከሻጭ ቀብድ ሲጠይቅ ያየ ማን ነው?

እየገዛችሁ አትሰብስቡ። ስሕተት ገንዘብ እንደሚያወጣ ሲሰማ ሞረድና መዶሻ ይነሣል። ከዝርዝር ውስጥ ራሳችሁ ያነሣችሁት ከሆነ ማንም ሆን ብሎ አላዘጋጀላችሁም።

ጥንታዊ ሳንቲም፣ በተለይ ከመሬት ወጣ የሚባል የአክሱም ሳንቲም፣ ቢቀርብላችሁ አትግዙ፣ አታሻሽጡ። ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ። የከተማውን ባህልና ቱሪዝም አሳውቁ። ግንቡ አካባቢ ለቱሪስት የሚያሻሽጥ ሰው ካያችሁም ራቁ።

10. የቀረውን መልሱ

ከ100 ፍሬ 98ቱ ጤነኛ ነው። አንዳንድ ቀን 100ውም። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም "ምናልባት" እያልኩ አስቀርቼ የወተት ጣሳ ሙሉ ሳንቲም ነበረኝ፤ ስሕተት የነበረው ሦስቱ ነው፣ የቀረው የሰው መልስ። አሁን ሕጌ ይሄ ነው፦ በአንድ ሌሊት ያልወሰንኩበት ሳንቲም ይመለሳል።

የሚመለሰውን አሥር አሥር እያደረጋችሁ በወረቀት ጠቅልሉና ላዩ ላይ ብዛቱን ጻፉ። ባለሱቁ እንደገና አይቆጥርም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ካርቶኑን ሳትጠይቁ ያወጣላችኋል። ስሕተት ያለበትን ስታስቀሩ በቦታው የራሳችሁን ብር መተካት አትርሱ። እትዬ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፤ እኔ ከአንድ ተኩል በፊት አደርሳለሁ።